ሁለት ሰረዞች

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል አካባቢ፣ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣
ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ በብረት ብየዳው መንገድ፣
ሦስት ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ማተሚያችን
ከንጋት ጀምሮ አኩርፏል፤ አልቀናም ሥራችን።

“ራሱን አሞታል” አልኩት ሻጂን፣ የኬረላውን ልጅ፤
“ላንተም ለሱም ፓናዶል” አለ፣ ይኼ የቀልድ ወዳጅ።

ሥራው አስቸኳይ ነው፤ ለማታ ይሰቀላል፤
የሠራተኛ አስመጪው ቢሮ በየሰዓቱ ይደውላል፤
አራት በስድስት ሜትር፣ የአንዲት የአገሬ ልጅ ፊት፣
ከስሩ በዐረብኛ፦ “ታማኝ፣ ንጹሕ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና ያላት።”
(የማተሚያውስ ዋስትና ካለቀ ሁለት ክረምት፤
ከዚያ ወዲህ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቢታመም እኔው መድኃኒት።)

የመጀመሪያው እትም ወጣ፤ ልጅቱ አረንጓዴ ሆነች፤
ሐሞቷ ፊቷ ላይ ፈስሶ ባሕር የተፋት መሰለች።

ኖዝል ይሉታል፤ እኔ ግን አፍንጫ ነው የምለው፤
ጉንፋን ይይዘዋል፣ ይታፈናል፣ እንደ ሰው።
መመርመሪያውን አተምኩ፣ መስመር በመስመር አየሁ፤
ከማጀንታው ረድፍ ሰባት አፍንጫ ተደፍኖ አገኘሁ።

ኤሲው ማታ ይጠፋል፤ ጌታው መብራት ይቆጥባል፤
አቧራው በበሩ ስር፣ እንደ ዘመድ፣ ሳይጠራ ይገባል፤
ቀለሙ ባፍንጫው ጫፍ እንደ ደም ረግቶ ያድራል።

በስሪንጅ ማጠቢያ ሰጠሁት፣ ከስሩ ጨርቅ አነጠፍኩ፣
መጥረጊያ ላስቲኩን አጠብኩ፣ ክዳኑን ወለወልኩ፣
አንዴ፣ ሁለቴ አስነጠስኩት፤
የሰው ደሞዝ የሚያህል ቀለም አፈሰስኩ።

አገር ቤት መምህራኑ “የቀለም ቀንድ” ነበር የሚሉኝ፤
ይኸው ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ በሳሙናም አልለቅ አለኝ።

እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቼ አንድ ነገር ነው የገባኝ፤
በማሽኑ ሆድ ቡናማ የሚባል ቀለም የለም። ያኔ ሲነግሩኝ አሳቀኝ።
ቢጫው ይቀድማል፣ ማጀንታው ከላይ ይደርባል፣
ሰማያዊው ጥቂት፣ ጥቁሩ ጥቂት፤ የኛ ፊት እንዲህ ይቀመማል፤
አንዱ ከጎደለ ግን ሰው መምሰሉ ይቀራል።

ሁለተኛው እትም ወጣ፤ ፊቷ ወደ ፊቷ ተመለሰ፤
ጉንጯ ሞቀ፤ ከንፈሯ ደም ለበሰ።

“መስመር ጣለ!” አለ ጌታው፣ ከጀርባዬ ቆሞ፣
“ሁለት መስመር! ግራ ዓይኗ ጋ! እጠበው ደግሞ!”

አጠብኩ። የሸራውን እርምጃ በሚሊሜትር ሽራፊ ለካሁ፣
ራሱን ዝቅ አደረግኩ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ሙቀቱን ነካሁ።
ሦስተኛ እትም።
እዚያው ናቸው። አልጠፉም፣ አልደበዘዙም።

ያኔ ነው እንደ ጀማሪ ያፈርኩት።
የማሽን መስመር እኮ አግድም ነው፤ ራሱ የሄደበትን ይከተላል፤
በእኩል ርቀት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ማረሻ ትልም ይደጋገማል፤
እነዚህ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ሁለት ብቻ።
ከሸራው ዳር እስከ ዳር ቢፈለግ የላቸው አቻ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ስሟን አያውቅም፤ “ሠራተኛ ሦስት፣ የመጨረሻው የመጨረሻ” ይላል።
አጎላሁት፤ አጎላሁት፤ ቅንድቧ የሜዳ ሣር እስኪያክል።
ብጣት ነው።
ዓይኗን ሲያማት፣ አንዲት እናት ጨንቋት፣ ሐኪም ርቆባት
በምላጭ የጻፈችላት።

እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ዓይኔ ጥግ ሄደ፤
የኔም እዚያው ነው።
ሻጂ እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፤ ቀልዱ አፉ ላይ በረደ።

“አጥፋው” አለ ጌታው፣ “አንድ ጠቅታ ነው!”
“የቆየ ነው” አልኩት፣ “ጥገና አይነካው።”
“ከመንገድ ይታያል?”
“አይታይም።”
ሰዓቱን አየና፣ “ቁረጠው” አለ፤ ሌላ አልጠየቀም።

ማታ ወደ ካምፕ ስንመለስ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት፣ ከድልድዩ ማዶ
ተሰቅላለች፤ አራት አምፖል ፊቷ ላይ ነዶ።
ዋሽቻለሁ። ይታያል።

ጠዋት ስመጣ ኤሲው ጠፍቷል፤
ከማጀንታው ዘጠኝ አፍንጫ ተደፍኗል።