ማኅተም

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንትወርፕ ወደብ ላይ፤
ዝናብ አይሉት በረዶ፣ ይወርዳል ከሰማይ።
የሙዝ መርከብ ገብቷል፣ ከጓያኪል ባሕር፣
ሣጥን በሣጥን ላይ፣ ከደመና ሲያድር።

እኔ ቪርለ ነኝ፣ የጉምሩክ ሠራተኛ፣
ዐርባ ሁለት ዓመቴ፣ ለብቻዬ የምተኛ፤
በመፈተሻው ጨረር፣ የሙዙን ሆድ ሳየው፣
ጉልበቱን ያቀፈ፣ የሰው ጥላ አለው።

ሙዝ ጉልበት የለውም።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ለአለቃሽ ንገሪ፣
ሁለት ሰው ሳይመጣ፣ በሩን አትድፈሪ።
አለቃዬ ስታፍ ነው። ስታፍ ባለፈው ወር
አዲስ መኪና ገዛ፤
ደሞዙን ግን ሁላችን እናውቀው ነበር።

ስለዚህ ዝም አልሁ፤ መቁረጫ ያዝሁና፣
ጆሮዬን ከብረቱ አስጠጋሁ እንደገና።

ኳ፣ ኳ...
ኳ።

ሁለቴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንዴ ደግሞ፤
ጉልበቴ አወቀው፣ ከልቤ ቀድሞ።

የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በስኬልደ ዳር፣
አሮጌ የከሰል ጀልባ ቤታችን ነበር፤
ዋነስ አምሽቶ ሲመጣ፣ የጀልባዋን ሆድ
እንዲህ ነው የሚመታው፤ ቁልፍ መያዝ አይወድ።
ከማኅተም ሽቦ ቀለበት ጠምዝዞ፣
ሰሙን አጥልቆልኝ፣ ሄደ ወርቁን ይዞ።

ሽቦው ጣቴ ላይ ዛገ።
እኔ አልዛግሁም፤ ሥራ ያዝሁ፣
ሽቦ ቆራጭ ሆንሁ።

ቀጨም!
ማኅተሙ ወደቀ፤ በሩ አቃሰተ፤
አየሩ ሙዝ፣ ሽንት፣ ሰው ሰው ሸተተ።
ጢም የወረሰው ፊት በባትሪዬ ነጣ፤
አየሩን እንደ ውኃ ጎንጭቶ ጠጣ።

“ሸበትሽ” አለኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል!
“አፍህን ዝጋና ውጣ፤ ስታፍ ቁጥሩን ሸጧል።”
“ሻንጣው ካልደረሰ” አለ፣ “የወንድሜን ልጅ...”
አላስጨረሱትም፤
ሁለት መኪና፣ መብራት አጥፍቶ፣ ቆመ ከደጅ።

በሣጥን ጎዳና፣ በቀይ በቢጫው መሃል፣
እጁ እጄ ውስጥ ነው፤ ማን ማንን ይጎትታል?
የመጀመሪያው ጥይት ብረት ላይ ዘፈነ፣
ሁለተኛው የባትሪዬን መስታወት በተነ።
ሬድዮው ላይ ጮህሁ፦ “ሂልደ! ክሬኑ ላይ ነሽ?
የያዝሽውን ባዶ፣ ከኋላችን ልቀቂው ባክሽ!”

ሂልደ ጠያቂ አይደለች፤ ጡረታዋ ደርሷል፤
ሠላሳ ዓመት ከሰማይ ያየ ሰው መጠየቅ ይተዋል።
ዐራት ቶን ብረት ከላይ ተፈትቶ፣
መንገዱን ዘጋልን፣ የፊቷን መኪና በልቶ።

ከውኃው ጠርዝ ደረስን። ጀልባ አለች፣ ታስራ።
ቁና ቁና ተነፈሰ። ደሙ በክርኑ ይንጠባጠባል፤ አላየውም።
“ነይ” አለኝ፣ “ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም።”

እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

እጁን ዘረጋልኝ። ካቴናዬን አወጣሁ፤
አንዱን ቀለበት ለእርሱ፣ አንዱን ለእኔ አጠለቅሁ።
“ጀልባዋ ላይ ትሞታለህ፤ ነገ፣ ቢበዛ ሰኞ።
እስር ቤት ግን ቁልፍ አለው፤
አንተ ቁልፍ አትወድም፣ ሌላ ሰው ይይዝልሃል።
አሁን፣ ልጁ የት ነው?”

ዝናቡን አየ። ካቴናውን አየ።
ከዚያ ጣቴን፣ ሽቦው የተወውን ቡናማ ክብ።
ተናገረ። የአንድ ጋራዥ ስም፣ የአንድ መንገድ ቁጥር፤
ሂልደ በሬድዮ ሰምታ፣ ለፖሊስ ደወለች ከክሬኑ ጫፍ።

ልጁ ሲነጋ ተገኘ፤ አንድ ጫማ ጎድሎት፣
ስታፍን ያነሱት ከአዲሱ መኪናው ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ።

ሪፖርቱን የጻፍሁት በግራ እጄ ነበር፤
ቀኜ ገና ከእርሱ ጋር እንደታሰረ፣ አምቡላንስ ውስጥ።
የማኅተም ቁጥር፦ ሰባት ዜሮ ዘጠኝ አራት።
የማኅተሙ ሁኔታ፦ የተቆረጠ።
የቆራጭ ስም፦ የእኔ።
ምክንያት በሚለው መስመር ብዙ ቆየሁ፤
እርሱ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

“ሰው አንኳኳ” ብዬ ጻፍሁ።