ከእጅ ከወጣ በኋላ

ስሜን «እንየው» ያለው የአባቴ ታላቅ ነው፤
ከእኔ የቀደሙት አልበረክት ሲሉ
«እስቲ ይህንንም እንየው»
ብሎ ነው።

መምህር ሽባባው ይህን አያውቅም ነበር።
እሱ የሚያውቀው ሜዳውን ነበር፤
ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ላህ ወንዝ ዳር፣
ቀይ አፈር ከምረን ጉብታ የሠራንበት፣
የማዳበሪያ ጆንያ ገለባ ጠቅጥቀን
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያልንበት።
ዱላው ከዋንዛ ተጠረበ፣
ኳሷን ጫማ ሰፊው ዳምጤ በጅማት ሰፋት።
ቤዝቦል እንላለን እኛ።
ከተማው ግን «የእብዶች ገና» አላት።

ወርዋሪ ነበርሁ።
ክንዴን ያሠለጠነው የበቆሎ ማሳ ነው፣
ማማ ላይ ቆሜ ዝንጀሮ ስመልስ፤
የወንጭፍ ትምህርቱ አንዲት ቃል ብቻ ነው፦
ከለቀቅኸው ወዲያ ሥራህ አለቀ፣ ሌላ ድንጋይ አጉርስ።

ከቡሬ ልጆች ጋር በገጠምን ዕለት፣
ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ሰው ሲቀረን፣
ወረወርሁ፤
የተቃና፣ ያማረ፣ እኔንም ያስደነቀኝ።
መቺው በዱላው ጫፍ ነካት።
በእኔና በቻላቸው መካከል
እንደ ገበያ ሰካራም እየተንገዳገደች መጣች።
ቻላቸው ጆንያውን ጥሎ ሮጠ፣
አነሣት፣ ዞረ፣ ክንዱን ዘረጋ፤
ለማን ይስጣት?
ጆንያው ባዶ ነው፣ ባለቤቱ እንደ ተሰደደ ቤት።
እኔ ጉብታው ላይ፣ እጄ ወገቤ ላይ፣
የውርወራዬን መልክ አያለሁ።
የቡሬው ልጅ ገለባውን ረግጦ አለፈ፣
ሌላው ከሦስተኛው መነሻው ገባ፤
አለቀ።

መምህር ሽባባው አልተቆጣም።
ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«እንየው» አለኝ፣ «ስምህ እንጂ ሥራህ አይደለም።
እስክትለቃት ወርዋሪ ነህ፤
ከለቀቅሃት ወዲያ እንደ ማንም ጠባቂ ነህ፣
ለመቺውም ከሁሉ ቅርብ አንተ ነህ።»

አባቴ ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል፣
አይመለስም ለማለት።
ይህቺ ግን ትመለሳለች፤
አንዳንዴም ግንባር ለግንባር፣
እጅህን ፊትህ ላይ ሳትደርስበት።

በማግሥቱ አርባ ጊዜ አስሮጠኝ፣
ከጉብታው እስከ አንደኛው ጆንያ።
«በቀጥታ አይደለም! መጀመሪያ ወደ መስመሩ፣
ከዚያ ታጠፍ፣ በጎኑ ውጣ፣
መንገዱ የሯጩ ነው፣ አትጋፋው፤
የጆንያውን የውስጥ ጠርዝ ረግጠህ እለፍ።
ወደ ግራህ ከተመታች አትጠይቅ፣ ሩጥ።
ለስልሳ ከፊትህ ከወደቀች ጎንበስ፣ ያንተ ናት።
ርቃ ከሄደች ደግሞ
የምትመለስበትን ገምት፣ ከተቀባዩ ኋላ ቁም።
ካመለጠችው አንተ አለህ፤
ካላመለጠችው አልነበርህም።»

አልነበርህም!
ይህ ቃል ክረምቱን ሁሉ አብሮኝ ከረመ።
በዚያው ክረምት ለወንድሜ ለስንሻው፣
በአንድ ጥማድ መሬት ድንበር፣ አንድ ነገር ተናገርሁ፤
እሱን ነክቶ ወደ እናታችን ሲንከባለል
እንደ ልማዴ ቆሜ አየሁ።
ሦስት ቀን ቆይቼ ሮጥሁ።
ደረስሁ ወይ? እሱን ተዉት።

በጥቅምት ቡሬ ላይ ገጠምን።
ሁለት ሯጭ ጆንያ ላይ፣ ፀሐይ ከወደ ምዕራብ።
ወረወርሁ፤ መታት፤ ራቀች፣
ትብለጥ ዳር ድረስ ተከትላ ለቀመቻት።
እኔ ያኔ ጉብታው ላይ የለሁም፤
ከሦስተኛው ጆንያ ኋላ ሜዳው አልቆ
የሰው ኑግ ይጀምራል፣
እዚያ ውስጥ ነኝ፣ አበባው እስከ ወገቤ፣
ክንዴን ዘርግቼ፣ ባለማሳው ይሰድበኛል።
ትብለጥ ወረወረች።
ጓዴ ተቀበላት።
ንጹሕ ነው፤ ጣቱ እንኳ አልተንቀጠቀጠ፣
ሯጩን ነካው።

ትብለጥን አነሷት፣ ጓዴን አቀፉት፣
መምህሩም ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።
እኔ ሱሪዬ ቢጫ ሆኖ
ከኑጉ ወጣሁ፣
በእግሬ የጉብታውን አፈር አስተካከልሁ፤
ማንም
«እንየው» አላለም።