ስንት ክፍል?

«ስንት ክፍል ነው የምትፈልጊው?» አለኝ ይርዳው ደላላው፣
ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ዓይኑ እያየ ከኋላው።
«ዘጠነኛ ክፍል» አልኩት።
የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ዝም ብዬ አየሁት።
ልጄ ስምንተኛን ጨርሳለች። የምፈልገው ቤት አይደለም፤
የአራት ዓመት በር ነው። እሱ ይህን ዓይነት ገበያ አልለመደም።

በዕቁብ ደብተሬ ጀርባ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦
ኪራይ፣ የእግር መንገድ፣ ስንት አለፉ። ይህን ይዤ ዞርኩ።
መንገዱን በታክሲ ሳይሆን በናርዶስ እርምጃ ለካሁ፣
ቦርሳዋን በድንች ሞልቼ፣ ሰዓቴን እያየሁ።
መጽሐፍ ከድንች ይክበድ አይክበድ አላውቅም፤
ላቧ ግን ውሸት አያውቅም።

ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ያለው ግቢ፣ ጽዱ የሸመገለ፣
ደረጃው በስንት ትውልድ ጫማ መሐሉ የጎደለ።
ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡን፤
«ከመቶ ስንት አለፈ?» ብል ወደ ኮርኒሱ አንጋጠው
«ካምናው ይሻላል» አሉን።
ካምናው የማይሻል አላየሁም በዞርኩበት ሁሉ።
ቤተ ሙከራው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጡረታ ከወጡት ሰውዬ ጋር ነው አሉ።
በመስኮቱ ስናይ አንድ አጽም ቆሟል፣ አቧራ እንደ ባርኔጣ ደፍቶ፤
ናርዶስ እጇን አውለበለበችለት፤ እሱ እንዳፈጠጠ ቀረ፣ አፉን ከፍቶ።

ሰንጋ ተራ በኩል ያለው፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፣
ወንበሩ አዲስ፣ ሰሌዳው ነጭ፣ ግድግዳው አልተጫረም።
«ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል» አሉኝ ጋሽ ቱፋ ዘበኛው፣
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንደሚያማ ሰው።
«በሌላው ቀንስ? ለሴቶቹ?»
«ይችሉታል፤ ልጆች አይደሉ?»
ናርዶስ መሬት መሬት አየች።
በወር አምስት ቀን ልጅ አይደለችም ልጄ።
ደብተሬ ላይ አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ። ስም አላወጣሁለትም።

ሦስተኛው ካዛንቺስ ነው፣ ከፈረሰው ጀርባ፣ በቀረው፤
በክፍል ስልሳ ሦስት፣ በዴስክ ሦስት ነው የሚደረደረው።
ልተወው ስል፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ደወሉ ተደውሎ፣
አንድ ክፍል ሳይወጣ ቀረ፤ የሌላ ክፍል ልጅ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ።
መምህሯ ጫማዋን አውልቃ፣ ጠመኔው እስከ ክርኗ፣
አንዱኑ ጥያቄ በሦስተኛ መንገድ ትፈታለች፣
ኋላ የተቀመጡትን እየፈለገች በዓይኗ።
«ይከፈላታል?» አልኩ። «ለምኑ?» አለኝ አንዱ ልጅ፣ ግራ ገብቶት።
ናርዶስን ስፈልጋት፣ ከነድንቿ፣ መስኮቱ ላይ አገኘኋት።

ቤቱ ከዚያ ስድስት ደቂቃ ነው። አንዲት ክፍል፣ ከጋራዥ ጎን፤
መብራቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ኪራዩ ግን ለብቻችን።
ይርዳው በሩን በቡጢ መታ፤ «ብረት ነው፤ ፕላንም አልነካውም።»
ውጭ፣ ከበሩ ጎን፣ ሚስማር ላይ ሳፋ ተሰቅሏል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣
ገለጥ አደረግኩት፦ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር፣
ኖራ ቢቀቡትም እንደ ቁስል የሚያመረቅዝ ከሥር።

«የድሮ ነው» አለ ይርዳው። «ቢመጡም በዓመት፣ በሁለት ዓመት።»
ቆጠርኩ። ቤቱ ቢበዛ ሁለት አለው፤ ልጄ የምትፈልገው አራት።
«ቢፈርስ ከዳር እመጣለሁ፤ አውቶቡስ አለ» አለች
ናርዶስ፣ ከቦርሳዋ ድንች እየመረጠች ለእራት።

ውሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላ፣ በሚያንጠባጥብ እስክሪብቶ፤
«የክፍል ብዛት» የሚለው ጋ ሲደርስ «አንድ» ብሎ ጻፈ፣ አጉልቶ።
ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣
አልኩ በሆዴ። ፈረምኩ። ኮሚሽኑን ከፈልኩት።
ከዚያ ሳፋውን አነሳሁና
ቁጥሩን እንዲሸፍን አድርጌ
ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።