ለማየት ብቻ

ባህር ዳር ባቡር የለም፤ ይህን እናውቃለን።
አንማው ግን ማታ ማታ፣ ራት እንደ በላን፣
የዓምናውን ካሌንደር ከምስማር አንሥቶ፣
ገልብጦ አንጥፎ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣
አንድ ረጅም መስመር በእርሳስ ያሰምራል።
«ይሄ ለቡ ነው» ይላል፤ «ከዚህ ይነሣል።
ቢሾፍቱ እዚህ ጋ፤ ይህች ነጥብ አዳማ፤
መተሐራ ይቺ፣ ሐይቋ ጨዋማ፤
አዋሽ፣ ከዚያ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ ወርደን
ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ቤት እየጠየቅን…»

ዕድሜውን ጣና ላይ ሞተር ሲፈታ ኖሮ፣
ለሞተሩ ሰጥቶ የግራውን ጆሮ፣
እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ወርዶ
ጉልበቱን ለውሃ የሸጠ ሰው ነው።
«የውሃውን ባቡር ነድቻለሁ» ይላል፣ «በቃኝ፤
በምድሩ ግን፣ መስኮት ይዤ፣ ሌላ ሰው ይንዳኝ።»

እኔም ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከፈትል ክፍሉ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ ስወጣ
ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ ተከትሎኝ መጣ።
ሁለት ደንቆሮ ሲመክር ቤቱ ይጮኻል፤
አጥር አያግደውም፣ ሰፈሩ ይሰማል።
«ትብለጥ፣ ልትሄዱ ነው አሉ?» ትላለች ወተት አምጪዋ፣
እኛ ወሩን ሳንቆርጥ ቀኑን ቆርጣ እሷ።

ምክንያት አናጣም። ክረምት ሲገባ ጉልበት
እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል ሌሊት።
ያከራየን ሰውዬ ቤቱን አፍርሶ
የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ነው።
ልጃችን ከአዲስ አበባ «ኑ» ትለናለች፣
አራተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ያለው ፕላኑ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ በኅዳጉ፣ ከመስመሩ ጎን፣
ለየጣቢያው ጥያቄ እጽፋለሁ፦
ጤና ጣቢያው ከቤቱ ስንት እርምጃ ነው?
መጸዳጃው ደረጃ አለው?
ወባ?
ቆሮሶ ይገኛል? ቢገኝስ፣ በረዶ ውስጥ ስንት ቀን የቆየ?
ጎረቤት የታመመ ሰው ቤት ይገባል፣ ወይስ ይደውላል?
ሲመሽስ፣ ዓይን የሚያርፍበት ምን አለ?
ይህን የመጨረሻውን ሰረዝሁት።

እሑድ እትዬ የሻረግ፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ፣
ደብተሯን በብብቷ ይዛ መጣች።
«ጡረታው በባንክ ይከተላችኋል» አለች፤
«እድር ግን ሃዲድ የለውም፣
ከተተከለበት አይነቃነቅም።»
የሃያ ስድስት ዓመት መዋጮ
ድንኳን ሆኗል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት።
አንማው ዝም ብሎ ቆየና፦
«ከድንኳኑ የኛ ስንት ክንድ ይሆናል?
ቆርጣችሁ ብትሰጡን ለሁለት ሰው ይበቃል።»
እሷ ሳቀች።
እኔ ክንዱን በልቤ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ያን ማታ ካሌንደሩ አልወረደም።
ባትሪ ይዞ ወደ ሐይቁ ወጣ፤
ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልሁት።
ደንገሉ ውስጥ አንድ ነገር ተንቦጫረቀ፤
ጉማሬ ይሁን ዓሣ አስጋሪ አልለየንም።
ዳር ላይ የታሰረች ጀልባ ገመዷ ላልቶ አገኘ፤
አጎንብሶ አጠበቀው፣ የማን እንደሆነች ሳያውቅ።
ከዚያ ቀና ብሎ
«ለማየት ብቻ እኮ ነው» አለ፣
አንድ ሰው እንደ ከሰሰው።
«ለማየት ብቻ» አልሁት።

መስቀል ሲያልፍ እንሄዳለን።
መጀመሪያ አውቶቡስ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣
የዓባይን በረሃ ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ፤
ባቡር ለመሳፈር አንድ ቀን ሙሉ ያለ ባቡር።
የሦስት ወር የእድር ክፍያ አስቀድሜ ሰጠሁ።
የሻረግ ለምን ሦስት እንደሆነ አልጠየቀችም፤
ምራቋን ጣቷ ላይ ነካ አድርጋ ደረሰኝ ቆረጠች።

ዛሬ ሻንጣውን ስዘጋ
ካልሲው ውስጥ ብረት ዳሰስሁ፤
ቁጥር አሥራ ሰባት መፍቻ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«መንገድ ላይ ቢቆምስ?»
«በኤሌክትሪክ እኮ ነው የሚሄደው» አልሁት።
አልሰማኝም፤ በግራው በኩል ነበርሁ።
በቀኙ ዞሬ አልደገምሁለትም።