የቧንቧው ተራ

ልመነኩስ ብዬ ሐይቅ የሄድኩ ለታ፣
በሶዬን ቋጥሬ፣ በኅዳር፣ በማታ፣
አባ ጽጌ ማርያም ደጃፉ ላይ ሆነው፣
አሮጌ መረብ ሲጥፉ በመርፌ ወግተው፣
የቆምኩበትን መሬት፣ ጫማዬን አዩና፣
«አባትህ ደኅና ነው?» አሉኝ፣ ቀና አሉና።

ደኅና አልነበረም።
ደሴ ሆስፒታል ነው፣ አሥራ ሦስት ቁጥር አልጋ፤
እኔም ከሳሉ ሸሽቼ ነው፣ እግዜርን ፍለጋ።

«በል እንግዲህ ተመለስ፤ ያን ጨርሰህ ስትመጣ
በሩ አይዘጋም» አሉኝ። ወጣሁ፣ በቁጣ።

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢው ውስጥ አደረ፤
ቧንቧው ጠብ ካላለ ሦስት ቀን ነበረ።
ከአባቴ ቀጥሎ፣ አሥራ አራት ቁጥር ላይ፣
ሸህ ይማም ተኝተዋል፣ ዓይናቸው የማያይ፣
ጠያቂም የላቸው፣ ከወረባቦ ነው የመጡ፤
«ለውዱእ ያህል» አሉ፣ እጃቸውን ከብርድ ልብስ ሲያወጡ።

ሰሰትኩኝ፣ አልዋሽም። ውኃው የአባቴ ነው፣
ከምንጭ እስከ ፎቁ ትከሻዬ የከፈለው።
አባቴ ግን ከሳሉ ሥር፣ ድምፁ እንደ ክር ቀጥኖ፣
«ቅዳላቸው» አለኝ። ቀዳሁ፣ ልቤ በድኖ።

መዳፍ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፤ ክንድ እስከ ክርን ድረስ፣
በአንዲት ጣሳ ውኃ፣ ጠብታም ሳይፈስ።
እግራቸው ላይ ሳፈስ ድንገት ተሳቀቁ፣
«ይቀዘቅዛል!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ፤
እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሆን እስካሁን አላውቅም።
አባቴም ሳቀ፣ እየሳለ። ሳሉ ሳቁን አልከለከለም።

ስንት ዓመት ሰግጄ የለመንኩት ደስታ
እንዲህ ነው የሚመጣ? በሳል፣ በጣሳ፣ በአንድ አፍታ?

አባቴ በጥር አረፈ። አልጋው ሌላ ሰው አቀፈ።
ተዝካሩን አወጣሁ። ስንቄን ቋጠርኩ እንደገና።
«ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!» ይጮኻል ረዳቱ፤
ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ገባሁ። ደረሰ ሰዓቱ።
ከሸዋ በር በኩል የዙህር አዛን ሲሰማ፣
«ዛሬስ ማን ቀዳላቸው?» አልኩ፤
ወረድኩ ከመኪናው፣ ልቤ እየተስማማ።
ረዳቱ ሰደበኝ። እውነቱን ነው።

ስንት ዓመት ሆነው? ሰባት። ሸህ ይማምም ሄዱ፤
መቃብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፣ ከቆሙት እንደ አንዱ።
አሁን አንሶላ አጥባለሁ፣ የሽንት ዕቃ እደፋለሁ፤
አንዳንዴ እማረራለሁ፤ አንዳንዴም እሳደባለሁ።
ነርስ ዘይባ «መምሬ» ትለኛለች፣ ስትቀልድ፤
ቆብም የለኝ፣ ቀሚስም፤ ጓንት ነው፣ እሱም የሚቀደድ።

ሐይቅ ገና አልሄድኩም።
አባ ጽጌ ማርያም ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።
«ያን ጨርሰህ» ብለውኝ ነበር። አላለቀም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቧንቧው ሥር፣ ተራዬን ይዤ፣
ሁለት ጀሪካን አቅፌ፣ በደሴ ብርድ ፈዝዤ፣
እጠብቃለሁ።
ቧንቧው መጀመሪያ ይስላል፣ እንደ አባቴ፤
አየር ይተፋል፣ ዝገት ይተፋል።
ከዚያ ይመጣል ውኃው። ያን ጊዜ ያመልጠኛል ሳቄ፣
ብቻዬን፣ ከአንጀቴ።