በየሩብ ሰዓቱ

በየሩብ ሰዓቱ ባትሪዬን አብርቼ
በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አይቼ
ከስሙ ፊት ለፊት እጽፋለሁ፦ «አልተኛም።»
ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና፦ «አልተኛም።»

የሌሊት ጠባቂ ነኝ፤ ኬንታኪ፣ ከተራራው ሥር፣
የከሰል ባቡር መጮህ ካቆመበት መንደር፣
ፍርድ ቤት የላካቸው ልጆች የሚያድሩበት።
ግንቡን ቢጫ ቀቡት፣ «ቢጫ ያረጋጋል» ብለው፤
በቢጫ የተረጋጋ ልጅ እስካሁን አላየሁ።

ኮልቢ ስቲድሃም፣ ገና አሥራ አምስቱ፣
የትምህርት ቤት አውቶቡስ አቃጥሎ ነው መምጣቱ።
ሌሊት ነበር። አውቶቡሱ ባዶ።
ሦስት ሐኪም ጽፎበታል ወፍራም ፋይሉ ላይ፤
አንዱ «ንዴት» ይላል፣ አንዱ «ሐዘን» ይላል፣
ሦስተኛው ጥያቄ ምልክት አስፍሮ ትቶታል።
ለእንቅልፍ ነጭ ክኒን፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፤
እሱ ግን ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጠ ይነጋለታል።
ከገጹ ግርጌ «ወላጅ» የምትል መስመር አለች፤
ፊርማ ነው የምትጠይቀው። ተፈርማለች።

በኅዳር አዲስ አማካሪ መጣች፣ ማርጎ የምትባል።
ፋይሉን ዘጋችና «አባትየውስ?» አለች።
«እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ለአንድ ሰዓት» አልናት።
«መምጣቱን አይደለም። ማን ጠየቀው?»
እርስ በርስ ተያየን።

ቨርጂል መጣ፣ ፈረቃውን ለሰው ሸጦ፣
ግንድ የሚጭንበትን መኪና በር ላይ አቁሞ፣
ቆቡን ጉልበቱ ላይ፣ እጁን ቆቡ ላይ፣
ሊወቀስ እንደተጠራ ሰው ከወንበሩ ጫፍ።
ጥፋቱን ሌሎች ስላነበቡለት በቃሉ ያውቀዋል፦
መጠጡን፣ ጥላው የሄደች ሚስቱን፣
ትልቁ ልጅ ሲሰጥም ወንዙ ዳር አለመኖሩን።

ማርጎ ግን፦ «ሕፃን ሳለ በምን ነበር የሚተኛልህ?»

ሰውየው ደነገጠ። ቆቡን አንዴ አዞረው።
«በመኪናው» አለ።
«ማልቀስ ሲጀምር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ
ከጎኔ አስቀምጠውና ዳገቱን እያያዝኩ…
ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው። ሦስተኛ ሳላስገባ ይተኛል።»
ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ።
«ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት
መኪናው ውስጥ አገኘው ነበር፣ ሞተሩን አስነስቶ።
ሊሰርቀኝ መስሎኝ… መታሁት። አንዴ አይደለም።»

ማርጎ የፖሊሱን ወረቀት ከፋይሉ ሳበች።
ሁላችንም አንብበነው ነበር፦
«ከመሪው ሥር ሁለት ሽቦ ተልጦ ተገኝቷል።»
ጮክ ብላ አላነበበችውም። ወደ እሱ ገፋችለት።
ቨርጂል አነበበው። ደግሞ አነበበው።
ቆቡ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም።

መኪናውን መስኮቱ ሥር ማቆም ደንብ ይከለክላል፤
ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ላከ።
በመጀመሪያው ሌሊት ልጁ «አጥፋው!» አለኝ፣
ትራሱን በሩ ላይ ወረወረ። «አልተኛም» ብዬ ጻፍኩ።
ማክሰኞ አባትና ልጅ ተቀምጠው ተጯጯሁ፣
«መታኸኝ!» የሚለው ቃል ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤
ማርጎ በሩን ከመዝጋት በቀር አላስቆመቻቸውም።
ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
«ያንን ነገር ክፈተው» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ።
ትንፋሹ ሲረዝም ሰማሁ። ከዚያ ሞተሩ ጓ አለ፣
ማርሽ ተቀየረ። ነቃ።

ይህንኑ ለቨርጂል ነገርኩት። ሳቀ፣ ወይም አለቀሰ፣
በስልክ አይለይም።
በማግስቱ ዳገቱን ከሥር እስከ አናት
በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ወጣው አሉ፣
ከኋላው ስንት መኪና ጥሩምባ እየነፋ፣
እሱ ዞር ሳይል፣ ስልኩ ከጎኑ ወንበር ላይ፣
ልጁ በሚተኛበት ቦታ።

ዛሬ ሌሊት ባትሪዬን አብርቼ አየሁ። እንደገናም አየሁ።
እጄ ለምዶ «አል» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሰረዝኩት።
የክኒኑን ስም የምጽፍበትን ቦታ ባዶ ተውኩና
ወደ ግርጌ ወርጄ፣ «ወላጅ» ከምትለው መስመር ላይ፣
ከፊርማው ጎን በትንሹ ጻፍኩ፦
ሁለተኛ ማርሽ።