ኖራ

ከአልትሙል ወንዝ በላይ፣ በሶልንሆፈን ዳገት፣
እንደ አሮጌ መዝገብ ተገልጦ ይታያል የኮረብታው ደረት።
ሽማግሌው ኦትማር በመዶሻው ጫፍ ድንጋይ ያዳምጣል፤
መታ ያደርግና ጆሮውን ቀስ ብሎ ወደ ገጹ ያስጠጋል።
እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ለጣሪያ፣ ለወለል፤
ድምፁ ከታፈነ ግን ውስጡ ታሟል፤ ከክምሩ ይጣል።

"ዓይን ይታለላል" አለኝ፣ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣
የጥድ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር ሥዕል በጥፍሩ እየነካካ ከአንዱ ገጽ ላይ አሳይቶኝ ድንገት።
"ይህ ተክል አይደለም፤ ዘር የለው፣ ሥር የለው፤
ማንጋኒዝ ነው፤ በስንጥቅ ሰርጎ ውሃ ያበቀለው።
የኖረና ያልኖረ ይመሳሰላል፤ ሥራህ እሱን መለየት ነው።"

ድንጋይ መቶ ዓመት ውሃ ውስጥ ቢኖር ዋና አይለምድም ይላል ተረቱ፤
ይህኛው ግን ራሱ ባሕር ነበር፣ ከነጨው ከነሙቀቱ፤
በደሴቶች መሐል የታሰረ፣ ላዩ ብርሃን፣ ታቹ እስትንፋስ የሌለው፣
የወደቀበትን ሁሉ የሚበላ ጠፍቶ ነጭ ጭቃ የሚያለብሰው።
መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት። ቁጥሩን እላለሁ እንጂ በእጄ አልይዘውም፤
ኦትማርም አይዘው። "ከአያቴ በፊት" ይላል፤ ከዚያ አይዘልም።

ሐምሌ ላይ፣ ፀሐይ በእርጥቡ ገጽ ላይ አግድም ስትወድቅ
ጭረት አየን፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ መሐሉን የሚሰነጥቅ
አንድ ቀጭን መስመር፣ ጅራት የጎተተው።
ኦትማር ፒፓውን ከአፉ አወጣ፤ ጉልበቱ መሬት ነካ፤ እፍ አለው።

"ሸርጣን ናት፤ ጀርባዋ የፈረስ ኮቴ የሚመስል።
ማዕበል ነው የጣላት፤ እይ፣ እዚህ ጋ በጀርባዋ ወድቃ ለመገልበጥ ስትታገል።
እዚህ ጋ ቀናች።
ወዴት እንደሆነ አላወቀችም። ግን ሄደች።"

ተከተልናት። ዛሬ አንድ ክንድ፣ ነገ ሁለት፤
እሷ ምናልባት በአንድ ሰዓት የጨረሰችበት
እኛን ሦስት ቀን ፈጀን። ዱካዋ እየጠበበ፣ እየተንገዳገደ፣
ከድንበሩ ካስማ ሥር ወደ ዋልቡርጋ መሬት ወረደ።

ዋልቡርጋና ኦትማር በአንድ ጋሪ ፍርስራሽ ተጣልተው
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በየበራቸው ነው።
ካስማውን አይቶ ተቀመጠ። "በቃ" አለኝ፣
"እግሯ ይበቃናል።" ዕቃውን ሰብስቦ ቀደመኝ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስደርስ ካስማው ተነቅሏል።
ማን እንደነቀለው ያኔም አልጠየቅሁም።
እሷ በመጥረጊያ፣ እሱ በመሮ፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው
ከ"ቀስ" እና ከ"እዚህ ጋ" በቀር ቃል ሳይለዋወጡ
ገጹን አነሡት።

እዚያ ነበረች። መዳፍ አታክልም።
በመጨረሻዋ ስንዝር ዞራለች፣ ፊቷ ወደ መጣችበት።
ያን ሁሉ ሄዳ መመለስ አማራት?
ወይስ ጨው ብቻ ነው ያዞራት?
እኔ እንጃ። ድንጋይ የሠራችውን ያሳያል፤
ያሰበችውን ይውጣል።
"ምስኪን" አለች ዋልቡርጋ።
ለማን እንዳለች አልገባኝም፤ ኦትማር ግን አንገቱን ሰበረ።

"ይህ ድንጋይ በቋንቋህ ምን ይባላል?" አለኝ ምሳ ስንበላ።
"ኖራ" አልኩት፣ "ደግሞ ሌላ ፍቺ አለው፤
ቀናት ሁሉ አልፈውባት ቆይታ፣ ከዚያ በኋላ...
የዚያ 'ከዚያ በኋላ' በር ነው።
ኖራ፣ ኖራ፣ ኖራ ሆነች።"
"ኖ፣ ራ" አለ፤ ምላሱ ከበደው።
ዋልቡርጋም በልቧ ሞከረችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ከዚያ መዶሻውን አንሥቶ ከሸርጣኗ ጎን ያለውን ገጽ መታ፤
ጆሮውን አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ ለአፍታ።
"ጤነኛ ነው" አለ።
"ለጣሪያ ይሆናል።"